የታመመ ልጅ ያለበትን ቤት ስለ መርዳት

ልጆች ሆይ፥ የታመመን ሰው ሄዶ መጠየቅ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ልማድ ነው። በጎጃም ደጋ፥ ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ባለው አገር፥ «የእገሌ ልጅ ታመመ» ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። አንዱ ወተት፥ አንዱ አጥሚት፥ አንዱም ትኩስ እንጀራ ይዞ ይመጣል። በአልጋው አጠገብ ቆሞም «እግዜር ይማርህ» ይላል። ለወላጆቹም «እግዜር ይማርላችሁ» ይላቸዋል። ይህ ልማድ ሊጠፋ አይገባውም።

ነገር ግን በሽታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ በሦስት ቀን ይለቃል፤ አንዳንዱ ወር ይቆያል፤ አንዳንዱም ዓመት ይፈጃል። የሦስት ቀን በሽታ ጠያቂ አያጣም። በሽታው በረዘመ ጊዜ ግን ጠያቂው እየሳሳ፥ ደጁም ጭር እያለ ይሄዳል። ይህም የሚሆነው ሰው ሁሉ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ እርሻው፥ ከብቱና ገበያው ስለሚጠራው ነው። ቤተ ሰቡ ግን እጅግ በሚደክምበት ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው በሽታ ሲረዝም የታመመውን ልጅ ቤት እንዴት መርዳት እንደሚገባ ነው።

1. ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣ የልብ በሽታ

ልጆችን ከሚይዙት ረጃጅም በሽታዎች አንዱ የልብ በሽታ ነው። ብዙ ሰው ልብ የሚታመመው በእርጅና ዘመን ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው።

አመጣጡም እንዲህ ነው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ወደ ልጁ ጉሮሮ ይገባሉ። ልጁ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ምራቁንም ለመዋጥ ይቸግረዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጉሮሮው ይሻለዋል፤ ቤተ ሰቡም ነገሩን ይረሳል። መድኃኒት ካልወሰደ ግን ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ አንዳንዱን ልጅ ትኩሳቱ ይመለስበታል። ጕልበቱ፥ ቍርጭምጭሚቱና ክርኑ በየተራ ያብጣሉ፤ ያማሉም። ከዚያም በሽታው ልቡን ይነካዋል።

ልብ በውስጡ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉት። ደም በእነዚህ በሮች ወደ ፊት ያልፋል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስም በሮቹ ይዘጋሉ። በሩ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልብም ያንኑ ሥራ ደግሞ ይሠራል። ስለዚህ ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ አይችልም። በሽታው ሲጠናም ሌሊት ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል፤ እግሩም ያብጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መስደብ ትልቅ በደል ነው። የልብ በሽታውም ከእርሱ ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም፤ ስለዚህ አብሮት ለመቀመጥም ሆነ ለመብላት መፍራት አይገባም።

ለዚህ በሽታ ጠቃሚ የሆነው መድኃኒት ፔኒሲሊን ይባላል። ይህን መድኃኒት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሐኪም ነው። ጉሮሮው የታመመ ልጅ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድና ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ቢወስድ፥ በሽታው ወደ ልቡ ሳይደርስ ይከለከላል። እንጥል ማስቆረጥ ግን ልብን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፥ ቍስሉም ያመረቅዛል።

በሽታው ልቡን ለነካው ልጅ ደግሞ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በየ4 ሳምንቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ያዝዙለታል። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ ነገር ግን በሽታው ተመልሶ መጥቶ የባሰ እንዳያበላሸው ይጠብቀዋል። በዓመት ውስጥ 52 ሳምንት ስላለ መርፌው በዓመት 13 ጊዜ ይሆናል። ልጁ 10 ዓመት መወጋት ቢያስፈልገው 130 መርፌ ማለት ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ «እግዜር ይማርህ» ያለ ሰው መልካም አድርጓል። የልጁ እናት ግን መንገዱን 130 ጊዜ ትሄዳለች።

2. በአንድ ቤት ላይ የወደቀ ሁለት ሸክም

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ፥ በጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች እያመረተ የሚኖር አንድ ገበሬ አለ እንበል። ገበሬው ሦስት ልጆች አሉት። በሬው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። የበኵር ልጁ 10 ዓመት ሲሆነው ዳገት መውጣት አቃተው። አባቱና እናቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙም የልቡን አመታት ካዳመጠና ከመረመረ በኋላ በሽታውን ነገራቸው፤ መርፌውንም አዘዘለት።

ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት የሆነውን ተመልከቱ። እናቲቱ ልጇን ይዛ በሄደች ቀን ላሟን የሚያልብ፥ ውሃ የሚቀዳ፥ እንጀራ የሚጋግር ጠፋ። ስለዚህ የ8 ዓመት ልጅ የሆነችው እኅቱ ትምህርቷን ትታ ቤት ዋለች። ታናሹም ልጅ የሚያየው ሰው አጥቶ በአመድ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። አባቱ ለመጓጓዣና ለመድኃኒት ብሎ በመጀመሪያ በጉን ሸጠ፤ ቀጥሎም ገብሱን ሸጠ። በመጨረሻ በሬውን ወደ ገበያ ሊነዳ አሰበ። በሬው ቢሸጥ ግን መሬቱ ጦሙን ያድራል፤ መሬቱ ጦሙን ካደረ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ቤቱ ይራባል።

እንግዲህ በዚህ ቤት ላይ ሁለት ሸክም ወድቋል። አንዱ የልጁ በሽታ ነው፤ ሁለተኛው የቤቱ መፍረስ ነው። በሽታውን ሐኪም ያስታግሠዋል። ቤቱን ከመፍረስ የሚያድነው ግን ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ስለዚህ ነው።

3. ሥራን ስለ መከፋፈል

በአንድ እሑድ የመንደሩ ሰዎች ለእድር ተሰበሰቡ። የልጁ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉም «እግዜር ይማርለት» ብለው ዝም አሉ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«አባቶቼ፥ ወንድሞቼ፥ ስሙኝ። ሰው ሲሞትብን ማን ምን እንደሚያደርግ ሁላችን እናውቃለን። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ አንዱ ድንኳን ይተክላል፤ አንዱ ንፍሮ ይቀቅላል። ማንም ሳያዝዘን ሥራውን እንከፋፈላለን። ይህ ልጅ ግን አልሞተም። ታዲያ እንዲድን ሥራ የማንከፋፈለው ስለ ምን ነው?»

ሰዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጀመሪያ የተናገረው ከገበሬው ጋር በመቀናጆ የሚያርሰው ጎረቤት ነበረ። እርሱም ወደ ልጁ አባት ዞሮ «ወንድሜ፥ በሬህን አትሽጥ። አንተ በሬህን የሸጥህ እንደ ሆነ የእኔም በሬ ያለ ጓደኛ ይቀራል፤ ሁለታችንም እንቸገራለን። አንተ ወደ ሐኪም ቤት በሄድህ ቀን እኔ ሁለቱን ጠምጄ መሬትህን አርሳለሁ» አለው። ሌሎችም «አረሙንና አጨዳውን በወንፈል እንጨርስልሃለን» አሉ።

ከዚያም እያንዳንዱ ቤት ከአዝመራው አንድ ቁና ገብስ እንዲያዋጣ ተስማሙ። ገንዘብ ያዡ ገብሱን ሸጦ ለመጓጓዣ እንዲያስቀምጥ አዘዙት። ጎረምሶቹ ቃሬዛ አበጁ፤ ትንፋሹ ባጠረው ጊዜ ልጁን ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ሊያደርሱት ተነጋገሩ። አንዲት ጎረቤትም «ላሟን እኔ አልባለሁ፤ ታናሹም ከልጆቼ ጋር ይዋል። ልጅቱ ትምህርቷን ትማር» አለች።

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ሥራ ውስጥ የተማሪ ድርሻ ደግሞ ነበረበት። የልጁ እናትና አባት ማንበብ አያውቁም ነበር። የመርፌው ቀን ደግሞ ለመርሳት የቀለለ ነው። አንድ ወር 30 ቀን ነው፤ 4 ሳምንት ግን 28 ቀን ነው። ስለዚህ መርፌው መስከረም 20 ቀን ከሆነ የሚቀጥለው ጥቅምት 18፥ ከዚያም ኅዳር 16 ይሆናል። በየወሩ በ2 ቀን እየቀደመ ይሄዳል። የዕለቱ ስም ግን አይለወጥም፤ መርፌው በማክሰኞ ከተጀመረ ሁልጊዜ በማክሰኞ ይውላል። ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል የሚማር ጓደኛው ይህን ቈጥሮ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ወረቀቱንም በግድግዳቸው ላይ ለጠፈ። መርፌው 3 ቀን ሲቀረው ወደ ቤታቸው እየሄደ «እማማ፥ የፊታችን ማክሰኞ ነው» ይላቸው ነበር። ልጁ ተወግቶ ሲመለስም በወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። በዚያን ቀን ያመለጠውንም ትምህርት ማታ ያስጠናው ነበር።

እንዲህ ሲያደርጉ ሁለት ዓመት አለፈ። በወረቀቱም ላይ 26 ምልክት ተቈጠረ። ልጁ አሁንም እንደ ሌሎች ልጆች አይሮጥም፤ ነገር ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። እኅቱም አላቋረጠችም። በሬውም አልተሸጠም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ምሳሌ በዚህ ቤት እውነት ሆነ።

4. ስለ ንግግርና ስለ ጠባይ

በበሽተኛ ቤት ሥራ እንደሚረዳ፥ ክፉ ንግግር ደግሞ ይጎዳል። «የእገሌም ልጅ በዚሁ በሽታ ሞተ» ማለት አይገባም። ለእናቲቱ «ፈጥነሽ ብትወስጂው ኖሮ» ማለትም አይገባም፤ ያለፈውን ልትመልሰው አትችልምና። «ቡዳ በልቶት ነው» ወይም «የእርግማን ልጅ ነው» ማለት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፤ በሽተኛውንም ሰው እንዲሸሸው ያደርጋል።

መልካም ጠያቂ አጭር ቃል ይናገራል፥ የሚሠራውንም ለይቶ ይናገራል። «ነገ ውሃውን እኔ እቀዳለሁ»፥ «ዛሬ ሌሊት እኔ ላስታምመው፥ አንቺ ተኚ» የሚል ሰው ለደከመች እናት ዕረፍት ይሰጣታል። ደግሞም ጠያቂ ቡና እንዲፈላለት መጠበቅ አይገባውም። ሌሊቱን ስታስታምም ያደረች ሴት ቀኑን ለእንግዳ ቡና ስታፈላ መዋል የለባትም። ቡናውን ራሱ ይዞ ቢመጣና ቢያፈላላት የተሻለ ነው።

ለታመመውም ልጅ እውነቱን በሚገባው መጠን መንገር ይገባል። «መርፌው አያምምም» ብለው ቢያታልሉት ሁለተኛ ጊዜ አያምንም። «ጥቂት ያምማል፤ ነገር ግን ልብህን ይጠብቅልሃል፤ እኔም እጅህን እይዝሃለሁ» ቢሉት ግን ይጸናል። ጤነኞቹንም ወንድሞችና እኅቶች መርሳት አይገባም። እነርሱም ይፈራሉ፤ ሰውም ሁሉ ስለ ታመመው ብቻ ሲጠይቅ ያዝናሉ።

ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ጸበል ይወስደዋል። ጸበል መጠጣትና መጠመቅ መርፌውን አይከለክልም። ጸበል ቦታ የሰነበተ ልጅ የመርፌው ቀን እንዳያልፍበት አስታማሚው ሊጠነቀቅ ይገባል። መርፌው የቀረ እንደ ሆነ በሽታው ሊመለስ ይችላልና።

5. ወደ ሩቅ ሐኪም ቤት ስለ መሄድ

የልቡ በር እጅግ የተበላሸ ልጅ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ የጎጃም ቤተ ሰብ ደጀንን አልፎ፥ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለውን ቀዶ ጥገና ለማግኘት ልጆች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋሙ። ከብዙ ድካም በኋላም በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ተከፈተ። የልጆችም ልብ በገዛ አገራቸው ይታከም ጀመር።

በራሳቸው ኀዘን ምክንያት ለሌሎች ረዳት የሆኑ ወላጆችም አሉ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ማቲዎስ የተባለውን ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር አጡ። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የካንሰር ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ተስፋ አዲስ የተባለ የወላጆች ድርጅት ተቋቋመ። ይህም ድርጅት ካንሰር ይዟቸው ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ሰጠ። በማያውቁት ከተማ ማደሪያ አጥቶ ሕክምናን ትቶ መመለስ እንዳለ፥ እነዚህ ወላጆች ከሌላው ይልቅ ያውቁ ነበር።

መንግሥትም ሸክሙን የሚያቃልል ሥርዓት አቁሟል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው ስለ ጤና ያስተምራሉ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በጥቂት ወረዳዎች ተጀመረ፤ ከእነዚህም አንዱ በጎጃም የሚገኘው ደቡብ አቸፈር ነበረ። በዚህ ሥርዓት ቤተ ሰብ ሁሉ ደኅና ሳለ በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲታመም ከተዋጣው ይከፈልለታል። ይህም የአሮጊቲቱ ምክር ነው፤ ሰው ሳይሞት አስቀድሞ መሰብሰብ ነው።

6. ልጁ ባይድንስ?

ልጆች ሆይ፥ የታመመ ሁሉ አይድንም፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ልጁ ቢሞት ሰው ሁሉ ለለቅሶ ይመጣል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ወደየሥራው ይመለሳል። እናቲቱ ግን በየ4 ሳምንቱ ማክሰኞ ሲመጣ መንገዱን ታስበዋለች። በዚያን ቀን ወደ ቤቷ ገብቶ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ታላቅ ምሕረት ያደርጋል። የሞተውንም ልጅ ስም መጥራት አይፍራ፤ እናቱ ስሙ እንዲረሳ አትወድምና።

እንግዲህ እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፤ ገንዘብ የላችሁም፥ ሐኪምም አይደላችሁም። ነገር ግን ጥጃ ማገድ፥ ውሃ መቅዳት፥ የታናሽ ልጅን እጅ መያዝ፥ የጓደኛን ትምህርት መገልበጥ፥ ቀን ቈጥሮ ማስታወስ ትችላላችሁ። በመንደራችሁ በሽታ የረዘመበት ቤት ካለ ዛሬ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ከዚያም አንድ ሥራ ለይታችሁ ያዙ፤ ደጁ ጭር ባለም ጊዜ አትተዉት።

ጥያቄዎች

1. የሦስት ቀን በሽታ ጠያቂ ሳያጣ፥ የዓመት በሽታ ጠያቂ የሚያጣው ስለ ምን ነው?
2. የጉሮሮ ሕመም ወደ ልብ እንዳይደርስ ምን ማድረግ ይገባል?
3. በገበሬው ቤት ላይ የወደቁት ሁለት ሸክሞች ምንና ምን ናቸው?
4. አሮጊቲቱ በእድሩ መካከል ምን ብለው ጠየቁ?
5. መርፌው ጥር 10 ቀን ከሆነ የሚቀጥለው መርፌ በየትኛው ወር በስንት ቀን ይሆናል?
6. በበሽተኛ ቤት የማይገቡ ሦስት ንግግሮችን ተናገር።
7. አንተ በመንደርህ ላለ በሽተኛ ቤት የትኛውን ሥራ ልትይዝ ትችላለህ?